ልምላሜና ጥንካሬ፦ ያረጀ የመንገድ ዳር ዛፍ አደጋ እንዴት ይመረመራል፣ እንዴትስ ይታከማል?

ያረጀ የመንገድ ዳር ዛፍ ወደቀ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚለው «ምን ነካው? ቅጠሉ እኮ ለምለም ነበር» ነው። ልምላሜውን ያየ ዓይን አልተሳሳተም፤ ስህተቱ ልምላሜን እንደ ጥንካሬ መቁጠሩ ላይ ነው። ቅጠል ውሃውን የሚያገኘው በቀጫጭን ሥሮችና በግንዱ ዳር ዳር ባለው ስስ እንጨት በኩል ነው። ዛፉን የሚያቆመው ግን ከግንዱ አጠገብ ያለው ወፍራም ሥርና የግንዱ መላ አካል ነው። ስለዚህ መሸከሚያው እየበሰበሰ አናቱ ሊያብብ ይችላል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ውስጡ ተቦርቡሮ ሰው የሚያስገባ ግንድ አሥርት ዓመታት ይቆማል። ምርመራ የሚጀምረው እነዚህን ሁለቱን ከመለየት ነው፤ ይህን የማይለይ ሰው ደህናውን ዛፍ አስቆርጦ የሚወድቀውን ይተዋል።

ከዛፉ በፊት ግን ከበታቹ ያለውን ነገር እዩ። አደጋ የሚባለው ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው፦ ሊሰበር የሚችል አካል፣ ሲሰበር የሚያርፍበት ሰው ወይም ንብረት፣ የሚያደርሰው ጉዳት መጠን። ሰው በማይደርስበት ሜዳ ላይ የቆመ የበሰበሰ ዛፍ የወፍ ቤት ነው። ያው ዛፍ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቢሆን ሌላ ጉዳይ ነው። የዛፉን ቁመት ገምታችሁ በዚያ ርቀት ዙሪያውን ክብ አስቡ፤ አናቱ የደረቀ ከሆነ ሲያርፍ እየተሰባበረ ስለሚፈናጠር ክቡን እስከ አንድ ተኩል እጥፍ አስፉት። በዚያ ክብ ውስጥ ሰው የሚቆመው የት ነው? ለስንት ሰዓት? አልፎ የሚሄድ እግረኛ ለጥቂት ሰከንድ ነው ያለው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ለአንድ ሰዓት። አንዳንዴ ከሁሉ የተሻለው ሕክምና ወንበሩን አምስት ሜትር ማንሳት ነው፤ ይህን ማንም አይሞክረውም፣ ሁሉም መጋዙን ነው የሚያስበው።

ጎንበስ ብሎ መጀመር

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ የእንጨት ወይም የናይለን መዶሻ፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ሜትር፣ የእጅ አካፋ፣ ሩቅ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ። የግንዱን ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለኩና ለ3.14 አካፍሉ፤ ዲያሜትሩን ታገኛላችሁ። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሰው ርቀት ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በግምት አትለፉት።

ከዚያ ሁለት ዙር ዙሩ። የመጀመሪያው የዛፉን ቁመት ያህል ርቃችሁ ሲሆን ዝንባሌውንና የአናቱን ቅርጽ ታያላችሁ። ሁለተኛው ግንዱን እየነካችሁ ነው። ዓይን ሁልጊዜ ከመንገዱ በኩል ያለውን ጎን ብቻ ያያል፤ ስንጥቁና ቀዳዳው ግን በአጥር በኩል ሊሆን ይችላል።

ግንዱ መሬት ሲነካ መስፋት አለበት፤ እንደ እግር ጣት ተዘርግቶ ወደ ሥሩ ሲገባ መታየት አለበት። እንደ መብራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ የገባ ግንድ ካያችሁ አፈር፣ ጠጠር ወይም አስፋልት ተደፍቶበታል ማለት ነው። በአንድ ወገን ብቻ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ከአፈር ሥር ግንዱን እንደ ገመድ ጠምጥሞ የሚያንቀው የራሱ ሥር ሊኖር ይችላል። በእጅ አካፋ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። በዶማ አይሞከርም፤ ቅርፊቱን የሚገሽልጥ አንድ ምት ልትከላከሉት ለመጣችሁት ብስባሴ በር መክፈት ነው።

አፈሩንም አንብቡ። ነፋስ በሚመጣበት ወገን ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደ ቅስት የዞረ ስንጥቅ፣ ወይም በቅርቡ ያበጠ አፈር፣ ሥሩ ከመሬት እየተነቀለ መሆኑን ይናገራል። ይህ ከታየ ምርመራው ለሌላ ቀን አይቀጠርም፤ አካባቢው ያን ዕለት ይዘጋል። የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ በሥር ውፍረት ቀስ በቀስ መነሳቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የድሮው ስንጥቅ ጠርዙ የተበላ፣ ቆሻሻና ሣር የሞላው ነው፤ የአዲሱ ጠርዝ ስለት አለው፣ ውስጡም ንጹሕ አፈር ይታያል።

ያዘነበለ ዛፍ ሁሉ አይወድቅም። ወጣት ሳለ ወደ ብርሃን ያዘመመ ዛፍ ጫፉን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ግንዱ ጎብጦ አናቱ ቀና ይላል፣ የተጫነውን ሸክም የሚመጥን እንጨትም ለዓመታት ሲያክል ኖሯል። ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀጥ እንዳለ ያጋደለ ዛፍ ግን የተጋደመው በቅርቡ ነው። እሱን ፍሩት።

የቦዩ ዕዳ

የመንገድ ዳር ዛፍን ከሌላው ዛፍ የሚለየው ትልቁ ጠላቱ ከነፋስ ይልቅ ቁፋሮ መሆኑ ነው። የዛፍ ሥር በአብዛኛው ያለው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ የውሃ ቧንቧና የኬብል ቦይም የሚያልፈው እዚያው ነው። ለጥበቃ የሚውለው የተለመደው ስሌት የግንዱን ዲያሜትር 12 ጊዜ ማባዛት ነው። ግንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሁሉም ወገን 7.2 ሜትር ማለት ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ይህን ማግኘት እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ቁጥር ያዙ፦ ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ውስጥ፣ በዚህ ምሳሌ 1.8 ሜትር ውስጥ፣ የተቆፈረ ቦይ ዛፉን አቁመው የያዙትን ሥሮች ራሳቸውን ቆርጧል ብላችሁ ተነሱ።

ችግሩ መዘዙ ወዲያው አለመታየቱ ነው። የተቆረጠው ሥር ከተቆረጠበት ጫፍ ተነስቶ ወደ ግንዱ እየበሰበሰ ይመጣል። ዓመታት ይወስዳል። ቦዩ ተደፍኖ፣ ንጣፉ ተመልሶ፣ የቆፈረውም ሰው ተረስቶ እያለ አንድ ዝናባማ ሌሊት አፈሩ ሲርስና ነፋስ ሲነሳ ዛፉ ይጋደማል። ስለዚህ ንጣፉን እንደ መረጃ ተመልከቱት፤ በግንዱ አጠገብ በቀጥታ መስመር የሚሄድ ቀለሙ የተለየ የአስፋልት ወይም የሲሚንቶ ጥገና ካለ ከግንዱ ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉ።

መቆፈሩ ግድ ከሆነ በሥሮቹ ሥር በእጅ መሿለክ ወይም አፈሩን በአየር ግፊት አራግፎ ሥሩን ሳይቆርጡ ቧንቧውን ማሳለፍ ይቻላል። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ሥር ባለሙያ ሳያየው አይቆረጥ። መቆረጥ ያለበትም በስለታም መጋዝ ይቆረጥ፤ የቁፋሮ ማሽን ጥርስ ሥሩን ጎትቶ እስከ ግንዱ ድረስ ይሰነጥቀዋል።

እንጉዳይ የሚናገረው

በግንድ ግርጌ እንደ መደርደሪያ ተለጥፎ የወጣ ጠንካራ እንጉዳይ የበሽታው ፍሬ እንጂ በሽታው አይደለም። በሽታው ውስጥ ነው፣ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። በእግር መትቶ መጣል ምንም አይፈውስም፤ ማስረጃውን ብቻ ያጠፋል። ፎቶ አንሱ፣ በየትኛው ወገን፣ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ጻፉ።

ብስባሴ ሁለት ዋና ዓይነት ነው፤ አሰባበሩም ይለያያል። ነጭ ብስባሴ እንጨቱን ያያያዘውን ሊግኒን ስለሚበላ የሚቀረው ለስላሳ፣ እንደ ስፖንጅ ወይም እንደ ክር ነው። ጋኖደርማ እንደሚባለው ያለ እንጉዳይ ሲይዘው ዛፉ ይተጣጠፋል፣ ድክመቱንም ለማካካስ ግርጌው ላይ ሲያብጥ ይታያል፤ ማለትም አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ቡናማ ብስባሴ ደግሞ የእንጨቱን ክር የሠራውን ሴሉሎስ በልቶ በጣት የሚፈርስ ቡናማ ኩብ ኩብ ይተዋል፤ ቢጫና ብርቱካናማ ሆኖ ተደራርቦ የሚወጣው ላቲፖረስ የዚህ ወገን ነው። በቡናማ ብስባሴ የተያዘ እንጨት ሳይታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የበለጠ የሚያሰጋው ክሬትዝማሪያ ነው፦ ግርጌው ላይ የተቃጠለ ከሰል የመሰለ ጥቁር ተሰባሪ ልባጥ ብቻ ያሳያል፣ አናቱ ላይ ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል፣ እንጨቱን ግን እንደ ሸክላ ያደርገዋል። አርሚላሪያን የምታውቁት ከቅርፊቱ ሥር በሚገኘው ነጭ ስስ ሽፋንና እንደ ጫማ ማሰሪያ ባለው ጥቁር ክር ነው፤ እሱ ሥር ይገድላል።

ባዶ ግንድ ምን ያህል ይሸከማል?

በመዶሻው ግንዱን ከግርጌው ጀምሮ እስከምትደርሱበት በየ20 ሴንቲ ሜትሩ አንኳኩ። ጤነኛ እንጨት አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። የለቀቀ ቅርፊትም ከበሮ ስለሚመስል ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ በጣት ተጭናችሁ አረጋግጡ። ቀዳዳ ካለ ዘንጉን አስገብታችሁ ጥልቀቱን ለኩ፣ ጠንካራው እንጨት የሚጀምርበትንም ለዩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስሌት። ግንድ በነፋስ ሲታጠፍ ጫናው የሚያርፈው በዳሩ ላይ ነው፤ መሐሉ ብዙም አይሸከምም። ስለዚህ የሚጠፋው ጥንካሬ የባዶውን ሬዲየስ ለግንዱ ሬዲየስ አካፍሎ ውጤቱን በራሱ አራት ጊዜ ማባዛት ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ግንድ ሬዲየሱ 40 ነው። ዙሪያውን 12 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ እንጨት ቀርቶት መሐሉ 28 ሬዲየስ ያህል ባዶ ቢሆን 28 ለ40 ሲካፈል 0.7 ነው፤ 0.7 × 0.7 × 0.7 × 0.7 ደግሞ 0.24። ከእንጨቱ ግማሽ ያህሉ ሄዷል፣ ከጥንካሬው ግን የጠፋው ሩብ ያህል ነው። ግድግዳው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ሲሳሳ ኪሳራው 41 በመቶ ይሆናል፤ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲቀር 66 በመቶ ገደማ። ቁልቁለቱ መጀመሪያ የዋህ ነው፣ መጨረሻው ገደል ነው።

ጀርመናዊው ተመራማሪ ክላውስ ማቴክ በ1990ዎቹ የተሰበሩና የቆሙ ግንዶችን አነጻጽሮ ያስታወቀው መለኪያም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ የጤነኛው ግድግዳ ውፍረት ለሬዲየሱ ሲካፈል ከ0.3 በታች ከወረደ የመሰበር ዕድሉ ይጨምራል። ጥሩ ማንቂያ ነው፤ የሞት ፍርድ አድርጎ መጠቀም ግን ስህተት ነው። ስሌቱ የሚሠራው ክብ ለሆነ፣ ቀለበቱ ላልተከፈተ፣ አናቱ ሙሉ ለሆነ ዛፍ ነው። አናቱ አጭር የሆነ ወፍራም ሽማግሌ ዛፍ በሳሳ ግድግዳም በደህና ይቆማል። በአንጻሩ ቀለበቱ በሰፊ ቀዳዳ ከተከፈተ፣ ወይም ስንጥቅ ከባዶው ጋር ከተገናኘ፣ 0.3 አይበቃውም፤ የተቀደደ ቧንቧ በእጅ እንደሚጣመም ሁሉ ግንዱም ይከፈታል። የተለካው ግድግዳ የቱ ጋ እንደሆነም ወሳኝ ነው፤ በአንድ ቦታ ለክቶ አማካይ ማውጣት ዋጋ የለውም፣ የሳሳው ጎን ነው የሚሰበረው።

ጥርጣሬ ሲቀር መሣሪያ አለ። አንደኛው ጫፉ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን መርፌ እየሰረሰረ የእንጨቱን መቋቋም በግራፍ የሚያወጣ ነው፤ በየቦታው አይወጋም፣ ዛፉ ብስባሴውን ያጠረበትን ግድግዳ ይበሳልና ሁለት ሦስት ቦታ ይበቃል። ሁለተኛው በግንዱ ዙሪያ ዳሳሾች ተተክለው የድምፅን ፍጥነት የሚለካ ነው፤ በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ድምፅ ይዘገያል። ስንጥቅም ስለሚያዘገየው መሣሪያው ከእውነተኛው የበለጠ ብስባሴ ሊያሳይ ይችላል፤ ባለቀለም ሥዕሉን አይቶ ብቻ የሚፈርድ ባለሙያ አያሳምነኝም። ሦስተኛው ዛፉን በገመድ ቀስ ብሎ ጎትቶ ግርጌው ምን ያህል እንደሚያጋድል የሚለካው ነው፤ ሥር ላይ ጥርጣሬ ሲኖር ከሌሎቹ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ፣ ሌሎቹ መሬት ውስጥ አያዩምና።

ባላው

ግንዱ ለሁለት እኩል ወፍራም ክንድ የሚከፈልበት ባላ ከላይ በሚሰበሩ ዛፎች ላይ ደጋግሞ የሚገኝ ጥፋት ነው። ቀረብ ብላችሁ መጋጠሚያውን እዩ። ቅርፊቱ ከመጋጠሚያው ወደ ላይ ተገፍቶ እንደ ስፌት ጎላ ብሎ ከታየ፣ ባላውም ሰፊ ከሆነ፣ እንጨት ከእንጨት ጋር ተጣብቋል። ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ተውጦ እንደ ተጨመቀ ከንፈር ጠባብ መስመር ብቻ ከታየ ግን ሁለቱ ክንዶች ጎን ለጎን ቆመዋል እንጂ አልተያያዙም፤ በመካከላቸው ያለው ቅርፊት ነው። እየወፈሩ ሲሄዱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ያበጠ ነገር ካለ ዛፉ ድክመቱን ለመጠገን እንጨት እያከለ ነው። ከጆሮዎቹ መሐል ስንጥቅ፣ ጥቁር ፈሳሽ ወይም አዲስ የእንጨት ቀለም ከታየ መከፈት ጀምሯል። ጉንዳን እየተመላለሰ የእንጨት ዱቄት ካወጣም ውስጡ ባዶ እንዳለ ገምቱ።

ከባላው ላይ ያለውን በመነጽር እዩት፦ የደረቀ፣ የተሰበረና የተንጠለጠለ፣ ጫፉ ላይ ብቻ የከበደ አግድም ቅርንጫፍ፣ ድሮ ተጎምዶ ከዚያ ብዙ ቀንበጥ የፈነዳበት ቦታ።

መጋዙ

ዛፍ እንደ ሰው ቆዳ ቁስሉን አያድንም። የተጎዳውን እንጨት አይጠግንም፤ አጥሮ ይዘጋውና ከላዩ አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በ1977 ያሳተመው ማብራሪያ አጥሮቹን አራት አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ብስባሴው ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ የሚከለክለው ከሁሉ ደካማ ነው፣ ከቁስሉ በኋላ የሚበቅለውን አዲስ እንጨት የሚለየው ደግሞ ከሁሉ ጠንካራ። ይህን ያወቀ ሰው የድሮዎቹን ሕክምናዎች ይተዋል። ባዶውን በሲሚንቶ መሙላት፦ ዛፉ ሲወዛወዝ ድንጋዩ ስለማይወዛወዝ ጤነኛውን እንጨት ይፈገፍጋል፣ እርጥበት ያቁራል፣ ኋላም የመጋዝ ሰንሰለት ይበጥሳል። ውሃ እንዲፈስ ብሎ ቀዳዳውን ከታች በትራፓኖ መብሳት፦ አጥሩን አፍርሶ ብስባሴውን ወደ ጤነኛው ማስገባት ነው። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ መፋቅም እንደዚያው። ቁስሉን ሬንጅ ወይም ቀለም መቀባት ብስባሴን አያቆምም፤ ክፍት ይተው።

ቅርንጫፍ ከግንዱ ሲወጣ ግርጌው ላይ እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ጎላ ያለ ቀለበት አለ። የዛፉ አጥር ያለው እዚያ ስለሆነ አንገትጌው አይነካም። ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ከአንገትጌው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ከሥር ወደ ላይ የውፍረቱን ሩብ ያህል ቁረጡ። ከዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጫፉ አልፋችሁ ከላይ ወደ ታች ቁረጡት፤ ቅርንጫፉ ይወድቃል፣ ቅርፊቱን እየገፈፈ ቢወርድም የሥረኛው ቁርጥ ላይ ይቆማል። የቀረውን ጉቶ በመጨረሻ ከአንገትጌው ውጭ ጠጋ ብላችሁ አንሱ። ከግንዱ ጋር ልሙጥ አድርጎ መቁረጥ አንገትጌውን ይወስደዋል፤ ረጅም ጉቶ መተውም ደርቆ የሚበሰብስ መሰላል ለእንጉዳዩ ማቆም ነው። በትክክል የተቆረጠ ቁስል በሚቀጥሉት ዓመታት ዙሪያውን እንደ ቀለበት እኩል ይከበባል፤ ከላይና ከታች ያልተከበበ ሞላላ ቁስል ካያችሁ ቆራጩ አንገትጌውን ወስዶታል።

ሸክም ለማቅለል አናቱን አትጎምዱ። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ከፍ ባለ ቦታ ስለሚፈጥን ቁመትን ትንሽ ማሳጠር ብዙ ይረዳል። አሠራሩ ግን ረጅሙን ቅርንጫፍ ወደ አንድ ጎን ቅርንጫፍ መመለስ ነው፣ ያም የሚቀረው ቅርንጫፍ ከሚቆረጠው ቢያንስ ሲሶ ውፍረት ሲኖረው። ከዚያ ካነሰ ሁሉንም መመገብ አይችልም። የተጎመደ አናት ቁስሉ ሰፊ ስለሆነ ይበሰብሳል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከቅርፊቱ ሥር ብቻ የበቀሉ፣ ጥልቅ መያዣ የሌላቸው ረጃጅም ቀንበጦች በዚያው ብስባሴ ላይ ይከብዳሉ። የተሠራው አደጋን መቀነስ ሳይሆን ለሌላ ጊዜ ማባዛት ነው። ውስጡን መልምሎ ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ጭራ ቅጠል መተውም ክብደቱን ሁሉ ወደ ጫፍ ስለሚገፋ ያሰብራል። በአንድ ዓመት ከቅጠላማው አካል ከሩብ በላይ አይነሳም፤ ላረጀ ዛፍ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። የመንገድ ዳር ሽማግሌ ዛፍ ብዙ የተጠራቀመ ምግብ የለውም። ሥራውን በሁለት ሦስት ዓመት ከፋፍሉለት።

ገመድና ቡሎን

ደካማ ባላ ያለው ነገር ግን መቆየት ያለበት ዛፍ ይታሰራል። መጀመሪያ ክብደቱን ቀንሱ፣ ገመዱ ከዚያ ይከተላል፤ ካሰሩ በኋላ መመልመል የተወጠረውን ያላላዋል። ገመዱ የሚገባው ከባላው እስከ ጫፉ ካለው ርዝመት ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው። ዝቅ ካለ ኃይሉ ይበዛበታል፣ በጣም ከፍ ካለ የሚይዘው ክንድ ይቀጥናል። ቅርንጫፉን ዙሪያውን በሽቦ ወይም በሰንሰለት መጠምጠም ፈጽሞ አይደረግም፤ እየወፈረ ሲሄድ ራሱን አንቆ ይሞታል፣ በታነቀበትም ይሰበራል። ቀለበት ራስ ያለው ቡሎን በትራፓኖ በተበሳ ቀዳዳ ከጫፍ ጫፍ አልፎ በሮንዴላና በዳዶ ይታሰራል፤ ሮንዴላው ቅርፊቱ ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ እንዲያርፍ ቅርፊቱ በልኩ ይነሳለታል። ቡሎኑና ገመዱ በአንድ ቀጥታ መስመር ይሁኑ፤ ካልሆነ ቀለበቱ ይታጠፋል። ከአንድ ቡሎን በላይ ካለ ቀዳዳዎቹ አንዱ ከሌላው ቀጥታ በታች አይሁን፣ እንጨቱ በዚያ መስመር ይሰነጠቃል። የብረት ገመዱ መርገብገቡን ያቁም እንጂ እንደ ክራር አይወጠር።

ባላው ቀድሞ ከተሰነጠቀ ገመድ ብቻውን አይበቃውም፤ በስንጥቁ በኩል የሚያልፍ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ከላዩ ካለው ገመድ ጋር አብሮ ይገባል። ያልተሰነጠቀውን ግን ሳይበሱ በሰፊ ቀበቶ የሚታሰረው የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ገመድ ሊይዘው ይችላል። እሱን ፀሐይ ይበላዋል፤ አምራቹ በጻፈው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ውስጥ፣ ይለወጣል። የታሰረ ዛፍ በየዓመቱ የሚታይ ዛፍ ነው። ዛፉ ሲያድግ ገመዱ ባለበት ስለሚቀር ከዓመታት በኋላ ሁለት ሦስተኛ የነበረው ግማሽ ይሆናል፤ ያኔ ከላዩ አዲስ ይገባል። ይህን ክትትል የሚያደርግ ሰው ከሌለ ባይታሰር ይሻላል፤ የተረሳ ገመድ ሰውን ያለ ምክንያት ያረጋጋል።

ለሥሩ ያለው ሕክምና ቀላልና ዘገምተኛ ነው፦ የተደፋውን አፈር ከእግሩ ማንሳት፣ የሚያንቀውን ሥር በመሮ መቁረጥ፣ ግንዱ ውስጥ የሰጠመ ከሆነ ግን መተው፣ የተጠቀጠቀውን አፈር ማራገፍ፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ማልበስ። ጉዝጓዙ ቅርፊቱን አይንካ። ንጣፉን ያነሳ ሥር ሲያጋጥም ንጣፉን ቀይሱ ወይም ከፍ አድርጉ።

ሲቆረጥ

አፈሩ በአዲስ ስንጥቅ ከተከፈተ፣ ዛፉ ቀጥ እንዳለ ካጋደለ፣ ወይም ግርጌው ተሰባሪ ብስባሴ ይዞት ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ ማዛወር ካልተቻለ ይቆረጣል። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ከሆነ መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ማንም አይወጣም። መሰላል ላይ ቆሞ በሞተር መጋዝ መቁረጥ የለም። የበሰበሰ ዛፍ ላይ ገመድ ታስሮ አይወጣም፣ ባልዲ ካለው ማንሻ ወይም ከክሬን ላይ ይሠራል፤ ከላይ ወደ ታች በቁርጥራጭ ይወርዳል። ቦታው ከፈቀደ ጥቂት ሜትር ግንድ አቁሞ መተው ይቻላል፤ አናት ስለሌለው ነፋስ ብዙም አይገፋውም፣ ለወፎችና ለነፍሳት ግን መኖሪያ ይሆናል።

ምርመራው በዓመት ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው። ከዝናብ በኋላ እንጉዳዩ ወጥቶ ይታያል፤ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ደግሞ ሲራቆት ባላው ይታያል። ከዐውሎ ነፋስና ከቁፋሮ በኋላ ቀጠሮ አይጠበቅም። ፎቶው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ሜትሩ ግንዱ ላይ ተለጥፎ ይነሳ። መዝገቡ ረጅም መሆን የለበትም፤ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ቁጥር 14። ዲያሜትር 82፣ ቁመት 17 ሜትር። በሰሜን ጎን 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አንድ እንጉዳይ፣ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት። የሳሳው ግድግዳ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ምጣኔ 0.32። በምሥራቅ 2.1 ሜትር ላይ አሮጌ ቦይ። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር፣ ይነሳ። ረጅሙ የደቡብ ቅርንጫፍ በ2 ሜትር ይቀነስ። ከ6 ወር በኋላ ይታይ።»